ወፍ ጠባቂ

«ወፍ የለም!» ማለት እንወዳለን። ደሞዝ ገብቶ እንደሆነ ለማየት ባንክ ቤት ጎራ እንላለን፤ ወፍ የለም። ማታ ታክሲ ተራ ቆመን አንገታችንን ስናሰግግ እናመሻለን፤ ወፍ የለም። ስብሰባ ተጠርቶ በሰዓቱ የደረሰ የዋህ አዳራሹን ከፍቶ ሲገባ የተደረደረ ወንበር ብቻ ያገኛል፤ ወፍ የለም። የአንድን ቦታ ባዶነት ለመናገር ከዚህ የበለጠ አጭር አባባል ያለን አይመስለኝም። ሰው የለም ከማለትም ይብሳል። ሰው ባይኖር እንኳ ወፍ አይጠፋማ! ወፍ ከጠፋ በቃ፣ ምንም የለም ማለት ነው።

ይህን አባባል ቃል በቃል፣ እንደ ወረደ ሲነገር የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም አብያታ ሐይቅ ዳር፣ ከአንድ የፓርክ ጠባቂ አፍ። ወደዚያ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ራሴ የጥበቃ ሥራ ልንገራችሁ። እኔም በጊዜዬ ወፍ ጠባቂ ነበርኩ።

የተወለድኩት ይፋት ቆላ፣ ከሸዋሮቢት ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። እዚያ ማሽላ ማፍራት ሲጀምር ልጅ ሁሉ ሥራ ይይዛል። ማሳው መሐል በአራት ባላ ላይ ማማ ይቆማል፤ ልጁ ወፍ ሳይንጫጫ ይወጣበታል፣ ጀንበር ስትጠልቅ ይወርድበታል። መሣሪያው ወንጭፍ ነው፤ ጥይቱ ጠጠርና የደረቀ ጭቃ፤ የቀረውን ጉሮሮ ይሸፍነዋል። ከተማ ያደጋችሁ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ በባላገር አማርኛ «ወፍ ጠባቂ» ማለት ሰብልን ከወፍ የሚጠብቅ ሰው ነው። ወፍን ከሰው የሚጠብቅ ሰው በደሞዝ ይቀጠራል ብሎ ያኔ የነገረኝ ቢኖር ከማማዬ ላይ በሳቅ እወድቅ ነበር።

አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ቆሎዬን በልቼ ውሃዬን ጠጥቼ ማማው ላይ ጋደም አልኩ። ሙቀቱን የይፋት ሰው ያውቀዋል። የቀሰቀሰኝ ዝናብ የሚመስል ድምፅ ነው። በጥቅምት ዝናብ! ዓይኔን ስገልጥ ማሳው ከዳር እስከ ዳር ይንቀሳቀሳል። ግሪሳ ነበር። ግሪሳ ከድንቢጥ አይተልቅም፤ አንዱን በመዳፋችሁ ብትይዙት ታዝኑለታላችሁ። ክፋቱ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። በሺህ፣ በአሥር ሺህ፣ ሲብስም በሚሊዮን ሆኖ እንደ ጢስ ይመጣል፣ እንደ ጢስ ይሄዳል፤ የሄደበት ማሳ ላይ አገዳው ቆሞ ይቀራል እንጂ ፍሬው አይገኝም። ጮኽኩ፣ ወነጨፍኩ፣ የማማውን እግር በዱላ ደበደብኩ። ተነሥተው ወደ ጎረቤት ማሳ ዞሩ፤ ጥቂት ቆይተው ተመልሰው ሰፈሩ።

አጎቴ አመሻሹ ላይ መጡ። ይገርፉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አንዱን የማሽላ ራስ ጎንበስ አድርገው በእጃቸው አሹት፤ ገለባ ብቻ ወጣ። «ተኛህ እንዴ?» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። አንዲት ጊደር ነበረችን፤ በዓመቱ ሐምሌ ላይ ገበያ ወጣች። በጊደሯና በኔ እንቅልፍ መሐል ስላለው ነገር በቤቱ ማንም አንሥቶ አያውቅም። እኔ ግን አውቀው ነበር።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው በኋላ ስለ ወፍ የምለውን ስትሰሙ «ይሄ ደግሞ የከተማ ሰው ቅንጦት ነው» እንዳትሉኝ ነው። የወፍን ዋጋ በጊደር አውቀዋለሁ።

ዓመታት አለፉ። አንድ አስጎብኚ ወዳጄ፣ «አስተርጓሚ ጎደለብኝ፤ ሁለት ሳምንት ነው፤ ና» ብሎ ይዞኝ ወጣ። እንግዶቹ ጡረታ የወጡ አራት ፈረንጆች ናቸው። ላሊበላ አላሉ፣ ጎንደር አላሉ። ወፍ ሊያዩ ነው የመጡት። በኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዓይነት እንደሚታይ፣ ከነዚያም ከአሥር የሚበልጡት ከዚህ አገር በቀር የትም እንደማይገኙ የሰማሁት ከነሱ ነው። የአገሬን ነገር ከእንግዳ መስማት ለምጄዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ትንሽ ከነከነኝ።

የመጀመሪያው ጣቢያችን አንኮበር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በሳይንስ ስም የወጣላትንና «አንኮበር ሴሪን» የሚሏትን ወፍ ፍለጋ ገደሉ አፋፍ ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ብርድ በላን። ተገኘች። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ጭረት ጭረት ያለባት ወፍ ናት። ሴትዮዋ ዝርዝሯ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገችና እጇን ደረቷ ላይ ጭና ቆመች። ሹፌራችን በተራው በመነጽር አየና ጆሮዬ ሥር፣ «ይቺን ለማየት ነው ይህን ሁሉ አገር ያቋረጡት? እናቴ ግቢ ሞልቶ የለም እንዴ!» አለኝ። እናቱ ግቢ እንደሌለች ማስረዳት አልሆነልኝም። እኔም ልዩነቱን አልለየሁትማ!

ከቆምንበት አፋፍ ቁልቁል ሲታይ ጭጋጉ ሥር የኛ ቆላ ነው። በስተ ሰሜን ደግሞ፣ ደብረ ሲና አጠገብ፣ ገደሉ ላይ የተጣበቀ አሮጌ የጽድ ደን አለ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከዚያ አስመጥተው መናገሻ ላይ አስተከሉ ይባላል። የደኑ ስም ወፍ ዋሻ ነው። ልጅ ሆኜ ይህን ስም ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ወፍ የሚባል ቃል እንዳለበት ግን ልብ ብዬው አላውቅም። ከላይ ለወፍ ዋሻ፣ ከታች ለወፍ ወንጭፍ! በመሐሉ ያለውን ቁልቁለት ጠንካራ እግር በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

ነገሩ በመንግሥትም አይለወጥም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፓርክ ከልሎ፣ ጠባቂ ቀጥሮ ወፍ የሚያስጠብቀው መንግሥት፣ ግሪሳ ሲነሣ በአውሮፕላን መርዝ ያስረጫል። ሁለቱንም የሚያደርገው ለሕዝብ ብሎ ነው። ልወቅሰው አሰብኩና ተውኩት። እኔም ሁለት እጅ አለኝ፤ አንዱ መነጽር የያዘ፣ አንዱ ወንጭፍ።

አብያታ የደረስነው በሦስተኛው ቀን ነው። አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ በ1960ዎቹ (በኛ አቆጣጠር) ሲታሰብ ዋናው ምክንያት የውሃ ወፍ ነበር። የሁለቱ ሐይቆች ነገር ሲነገር ተረት ይመስላል። ሻላ ጥልቅ ነው፤ ከ200 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ደሴቶች አሉት፤ ደሴት ላይ አውሬ አይደርስም። አብያታ ደግሞ ጥልቀት የለውም፤ ያኔ ግን ዓሣ ነበረው። እናም ፔሊካኖች ሻላ ላይ ይወልዳሉ፣ ይፈለፍላሉ፤ ለቀለብ ደግሞ ኮረብታውን ተሻግረው አብያታ ይመላለሳሉ። አንዱ ሐይቅ መኝታ ቤት፣ አንዱ ማድ ቤት ማለት ነው። ከዚያ ለሶዳ አሽ ውሃው ይቀዳ ጀመር። ከዝዋይ ወደ አብያታ የሚወርደው የቡልቡላ ውሃም ገና መንገድ ላይ እያለ ለመስኖ ተፈለገ። ሐይቁ ሸሸ፤ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ። ማድ ቤቱ ተዘጋ። መኝታ ቤት ብቻውን ምን ያደርጋል?

ድሮ ውሃ በነበረበት ነጭ ደረቅ መሬት ላይ በእግር ስንሄድ አንድ ጠባቂ አብሮን ነበር፤ በዕድሜ እኩያዬ ይሆናል። ፈረንጆቹ ፍላሚንጎ ለማየት ቀደም ሲሉ እኔና እሱ ወደ ኋላ ቀረን።

«ፍላሚንጎ አሁንም አለ፤ ይመጣል ይሄዳል» አለኝ።

«ፔሊካንስ? ድሮ እንደነበረው?»

«ወፍ የለም!» አለና ራሱን አሳቀው። እኔም ሳቅኩ። ሁለታችንም ወዲያው ሳቃችንን ተውነው።

ከዚያ ወሬ አመጣ። የሱ ዘመዶች የሚኖሩት ፓርኩ ውስጥ ነው። ግራሩን ቆርጦ ከሰል የሚያከስለውም ሰው ከሩቅ አይመጣም፤ ጎረቤት ነው፣ አማች ነው። «ወንድሜን ይዤው አውቃለሁ» አለኝ። ዝም አልኩ። «ከነከሰሉ። ምን ላድርግ፣ ደሞዝ በልቼበታለሁ። እናቴ ሁለት ዓመት አላናገረችኝም፤ ‹ለወፍ ብለህ ነው?› ነው ያለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ምን እላታለሁ? ለወፍ ብዬ ነው እንዴ? እኔ እንጃ።»

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሱ ለወፍ ብሎ የቤቱን ሰው አጣ፤ እኔ ተኝቼ ለወፍ የቤቴን ማሽላ አበላሁ። እናቱ የጠየቀችው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ የኔም አጎት በልባቸው ሳይጠይቁት አልቀሩም። ለወፍ ተብሎ ሰው ይጎዳል? ቢጎዳስ፣ የትኛው ሰው?

አስጎብኚው ወዳጄ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለው፦ ጥቅም። ወፍ ተባይ ይለቅማል። ጥንብ አንሣ በነፃ ያጸዳል፤ ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ የዓሣውን ሆድዕቃ ማን እንደሚያነሣው አባ ኮዳን ጠይቁት። ወፍ ዘር ይዘራል፤ «ወፍ ዘራሽ» የምንለው እኮ በከንቱ አይደለም፤ የወይራና የጽድ ፍሬ ከቦታ ቦታ የሚጓዘው በወፍ ሆድ ነው። ከሁሉም በላይ ዶላር ያመጣል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ጥቅም እንደ ምስክር አስቸጋሪ ነው፤ ዛሬ ለኛ መስክሮ ነገ ለባላጋራችን ይመሰክራል። ወፍን በጥቅሟ ካስከበርናት፣ ጥቅም የሌላትን ወፍ ምን እናደርጋታለን? ሶዳ አሹ የበለጠ ዶላር ካመጣስ? አብያታ ላይ የሆነው ይኸው አይደለም?

ሁለተኛው መልስ የሃይማኖት ነው። የፈጠራት አለ፤ እኛ አልፈጠርናት፤ ስለዚህ ልናጠፋት መብት የለንም። ይህን መልስ ከልቤ አከብረዋለሁ። የደብር ግቢ ያለውን ዋርካና ጽድ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ዙሪያው ተመንጥሮ ራሰ በራ ሲሆን እዚያች ክብ ግቢ ውስጥ ግን ወፍ ይንጫጫል፣ ጠጠር የሚያነሣ ልጅም የለም። ሰው ሳያስበው የሠራው የወፍ መጠለያ ነው። ነገር ግን አጎቴም ሃይማኖተኛ ናቸው። አንድ ጊዜ ሰባኪው የሰማይ ወፎች ማሳም ጎተራም ሳይኖራቸው እንዴት ጦማቸውን እንደማያድሩ ሲያስተምር፣ ከኋላ ሆነው፣ «የኔን በልተው ነዋ!» ብለው ሰውን አስቀዋል። በሃይማኖት ቀልደው ግን አልነበረም። ሒሳቡን ነው የነገሩን።

እኔን የያዘኝም ይኸው ሒሳብ ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ አንጋፋ ማኅበር ነው። በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ለወፍ ወሳኝ ናቸው ያላቸውን 69 ቦታዎች ዘርዝሯል፤ ከጣና ዳርቻ እስከ ጋምቤላ ረግረግ፣ ከባሌ ተራራ እስከ ደቡቡ ቆላ። ዝርዝሩን ሳነብ የታየኝ አንድ ነገር ነው፦ አንዱም ቦታ ባዶ አይደለም። ሁሉም ዘንድ የሚያርስ፣ የሚያግድ፣ የሚያጠምድ፣ እንጨት የሚለቅም ሰው አለ። «ይህ ቦታ ለወፍ ይሁን» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ቦታ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ማዶ። ተናጋሪው አንድም ሳንቲም አይጎድልበትም። ቆንጆ ስሜት ይሰማዋል፣ ዋጋውን ሌላ ሰው ይከፍለዋል። በሰው ማሽላ ወፍ ማብላት ማለት ይህ ነው።

ወደ ደቡብ ስንጓዝ መኪና ውስጥ የሰማሁት የነጭ ሳር ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መንገድ ላይ የሞተች ወፍ አገኙ፤ ሌሊት የምትበር ወፍ ናት (የሌሊት ወፍ አላልኩም፤ እሷ ሌላ ናት)። የሚወሰድ ነገር የተረፋት አንድ ክንፏ ብቻ ስለነበረ እሱን ይዘው ተመለሱ። በ1995 በዚያች አንዲት ክንፍ ብቻ ለአዲስ ዝርያ ስም ወጣ፤ የሳይንስ ስሟም «ክንፍ ብቻ» እንደ ማለት ነው። ራሷን የቻለች ዝርያ ናት፣ የለም ድቅል ናት የሚለው ክርክር ተከትሏታል። ፈረንጆቹ ይህ ሲነገር በአክብሮት ዝም አሉ። እኔ ግን የመጣብኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ፓርክ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ የኮሬ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው ተነሥተው ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደርጓል፤ የጉጂ አርብቶ አደሮችም ልቀቁ ተብለዋል። የአንዲት ክንፍ ስም በዓለም መጻሕፍት ገብቷል። የተነሡትን ሰዎች ስም የሚያውቅ ስንት ነው?

ያቤሎ ሌላ ትምህርት ነው። እዚያ ያለው የዱር እንስሳት መጠለያ የተከለለው ለቆርኬ ተብሎ ነበር። ዛሬ ቆርኬው እዚያ የለም። ወረቀቱ ቀረ፣ ቆርኬው ሄደ። ለወረቀቱ ግድ የሌላት አንዲት ወፍ ግን እዚያው አካባቢ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የተመዘገበች፣ ግራጫ፣ ዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ፣ ከያቤሎና ከአካባቢው ውጭ በዓለም ላይ የትም የሌለች። የቁጥቋጦ ቁራ ይሏታል። ዙሪያውን የሚመስል አገር ሞልቶ ለምን አትወጣም ሲባል ኖሮ፣ በ2012 የወጣ ጥናት ምክንያቱን ሙቀት ላይ አገኘው፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነበት ቀበሌ ብቻ ነው የምትኖረው። የማይታይ አጥር አላት። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ጠባይዋ ነው፤ ከቦረና መንደር አትርቅም። ከብት በጋጠው ሣር ላይ ትራመዳለች፣ እበቱን እየፈነቀለች ትል ትለቅማለች። ሰውና ከብቱን አስወጥቶ ለሷ ብቻ ቦታ መከለል ቤቷን እንደ ማፍረስ ነው። (ዓለም እየሞቀ ሲሄድ የማይታየው አጥሯ እየጠበበ እንደሚመጣ ተመራማሪዎቹ ተናግረዋል። ለዚያ ጠባቂ ብትቀጥሩ ምን ያደርጋል?)

የመጨረሻው ጣቢያችን ነገሌ ቦረና አጠገብ ያለው ሊበን ሜዳ ነው። እዚህ ላርክ የሚባል ዘር የሆነች ወፍ አለች፤ ከአንኮበሯም የባሰች፣ ምንም የማትመስል። መሬት ላይ ትሮጣለች፣ ድንገት ብድግ ብላ አየር ላይ ትዘምራለች፣ ተመልሳ ሣር ውስጥ ትጠፋለች። ጎጆዋንም እዚያው ሣር ሥር ነው የምትሠራው። ሜዳው ሲታረስ፣ ቁጥቋጦ ሲወረው፣ ሣሩ በከብት ብዛት ተግጦ ምንጣፍ ሲሆን መግቢያ አጣች። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች በዋናው የአፍሪካ ምድር ላይ በዘመናችን የመጀመሪያዋ ጠፊ ወፍ ልትሆን ትችላለች ብለው ነበር። በ2013 የታተመ ጥናት ደግሞ በጅጅጋ አካባቢ ያሉት ዘመዶቿም ሶማሊላንድ ውስጥ ትታወቅ የነበረችውም አንድ ዝርያ ናቸው አለ። እንዲያም ሆኖ የሊበኗ ያላት ሜዳ ከ40 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያንሳል።

አንድ ሽማግሌ በአስተርጓሚ አነጋገርን። (አስተርጓሚው ሌላ ሰው ተተርጎመለት!) ከኋላቸው በእሾህ የታጠረ ሰፊ ሣር አለ። ካሎ ይሉታል። ካሎ አዲስ ነገር አይደለም፤ በቦረናና በጉጂ አገር ለጥጃና ለደካማ ከብት ተብሎ በጋራ የሚከለል የክፉ ቀን ሣር ነው። የወፍ ወዳጆቹ ድርጅቶች ሲመጡ ያደረጉት ይህንኑ የጥንት ደንብ ማገዝ ነው፤ ቁጥቋጦ ማስመንጠር፣ አጥር ማሳጠር። ሣሩ በውስጡ ጉልበት ድረስ አድጓል። ወፏም ከውጭው ይልቅ ከአጥሩ ውስጥ በብዛት ትገኛለች።

«ይህን ያጠራችሁት ለወፏ ነው?» ብዬ አስጠየቅሁ።

ሽማግሌው የጥያቄው ሞኝነት ገርሟቸው ይመስለኛል፣ ትንሽ ቆዩ። «ለጥጃ ነው ያጠርነው። እሷ መጥታ ገባች። አላስወጣናትም» አሉ።

አስጎብኚው ወዳጄ መኪና ውስጥ ስንገባ ጀምሮ ሲከራከረኝ ነበር። «ካሎ የሠራው ስለተገጣጠመ ነው» አለኝ። «ጥጃውም ሣር ይፈልጋል፣ ወፏም ሣር ትፈልጋለች። ባይገጣጠምስ? ጥጃው አጭር ሣር ቢወድ ኖሮ ሽማግሌው ያስቀሯት ነበር?»

ልክ ነው። መልስ አጣሁ። አብያታ አልተገጣጠመም። ግሪሳና ማሽላ በምንም ተአምር አይገጣጠሙም። ሁሉ ቦታ ካሎ ነው ብሎ የሚሰብክ ሰው ወይ ሜዳውን አላየም ወይ ሊሸጥልን የፈለገው ነገር አለ። ግን የሽማግሌው የመጨረሻ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። «አላስወጣናትም» ነው ያሉት። ለጥጃ በታጠረ ሣር ውስጥ፣ ለጥጃው ምንም የማትፈይድ ነገር ስትገባ አይቶ፣ ማስወጣት እየተቻለ አለማስወጣት። ይህ ጥቅም አይደለም። ትልቅ መሥዋዕትነት ነውም አልልም። ከራስ ሣር ላይ የተተወ ትንሽ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ሆነው «ትጠበቅ» ከሚሉት ከኔ ቢጤዎች ሽማግሌው የሚለዩት በዚህ ነው፤ ሣሩ የራሳቸው ነው።

በርጋ የሚባል ረግረግ ሜዳ ደግሞ ከሆለታና ከአዲስ ዓለም ብዙ አይርቅም። በክረምት፣ ውሃው ሣሩን ሲያለብሰው፣ በዓለም ላይ እጅግ ከሳሱት ወፎች አንዷ እዚያ ትፈለፍላለች፤ ክንፏ ነጭ፣ መጠኗ ከጫጩት ብዙ የማይበልጥ፣ በዓይን ለማየት የታደለ ጥቂት ሰው ነው። እዚያ ለወፍ የመጣው ገንዘብ ለአካባቢው ልጆች ትምህርት ቤት ሠርቷል። አንዳንድ ሰው ይህን «ጉቦ» ሲል ሰምቻለሁ፤ ሰውን በትምህርት ቤት ገዝተው ወፍ አስጠበቁት ይላል። እኔ ግን ዕዳ መክፈል ነው እላለሁ። ሜዳውን ለወፍ የተወ ገበሬ የተወው ነገር ዋጋ አለው፤ ወፏ እንድትኖር የፈለገው ሌላው ሰው ከዋጋው ድርሻውን ቢያነሣ ምኑ ነው ጉቦ? ያስነውር የነበረው ሳይከፍሉ መጠየቅ ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ባለፈው ዓመት ይፋት ወረድኩ። አጎቴ ሸምግለዋል፤ ማሳው የልጃቸው ነው፤ ማማው ላይ ደግሞ የልጃቸው ልጅ ተሰቅሏል፣ በአንድ እጁ ወንጭፍ በአንድ እጁ ሞባይል። ጥላ ሥር ተቀምጠን ስለ አንኮበሯ፣ ስለ አብያታው ጠባቂ፣ ስለ ካሎው ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። የጠባቂው ወንድም ጋ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደሞዙ ስንት ነው?» አሉኝ።

«አልጠየቅሁትም ጋሼ።»

«መጠየቅ ነበረብህ።» ትንሽ ዝም ብለው ወደ ማማው አዩ። «እኛም የምናጥረው ቢኖረን ጥሩ ነበር። መሬቱ የት አለና! ግሪሳውስ ቢሆን መቼ በአጥር ይመለሳል?»

«የኛ አገር አይገጣጠምም» አልኳቸው።

«አይገጣጠምም።» ከዚያ ፈገግ አሉ። ከአርባ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። «አንተ ግን ያን ጊዜ ተኝተህ ያበላኸውን ማሽላ ከፍለህ ታውቃለህ?»

ጊደሯን አላነሡም። እኔም አላነሣሁም። ከተማ ስመለስ የአንድ ጊደር ዋጋ በዛሬ ገበያ ስንት እንደሆነ አጠያየቅሁ፤ ያሰብኩትን አራት እጥፍ ሆኖ አገኘሁት። ለጊዜው ልኬ የቻልኩት የግማሹን ነው። ቀሪውን ጥቅምት ላይ፣ ማሽላው ሲያፈራ፣ ራሴ ይዤ እወርዳለሁ ብያቸዋለሁ። ልጁ ትምህርት ቤት ውሎ እስኪመለስ ማማው ላይ የሚወጣ ሰው እንደሚፈልጉም ነግረውኛል።